የጠጅ ቤቱ መስኮት ሲዘጋ

ልጅ ሳለሁ የሰበታ ቤቶች እርስ በርስ የሚነጋገሩ ይመስለኝ ነበር። ይህን ያሳመኑኝ ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። አናጢ ነበሩ፤ በጅማ መንገድ ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ሱቆች የግማሾቹን በርና መስኮት የሠሩት እሳቸው ናቸው። ያኔ የመብራት መስመር ከዋናው መንገድ አልፎ እኛ ሰፈር አልደረሰም፤ ሲመሻሽ ኦቦ ቶሎሳ የቀኑን ፍቅፋቂ ግቢያቸው ውስጥ ያነዱና፣ የጥዱ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን ስለ ቤቶቹ ያወሩልን ነበር። የየመናዊው ነጋዴ ባለ ፎቅ ሱቅ በሰገነቱ ስለሚኮራ ጎረቤቱን ወፍጮ ቤት ሰላም አይለውም፤ ጣሊያን የሠራው የድንጋይ ድልድይ ደግሞ ጌታው ጥሎት ስለሄደ አማርኛና ኦሮምኛ መማር ግድ ሆኖበታል። ዓይነ አፋር ስለነበርኩ ከሌሎቹ ልጆች ኋላ ተቀምጬ ነበር የምሰማው። እሳቸው ግን ሁልጊዜ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ነገ ሄደሽ ራስሽ እዪው» ይሉኛል። እኔም ሄጄ አያለሁ።

ተረት ያልነበራቸው ስለ አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ስለ እትዬ በላይነሽ ጠጅ ቤት። በፊት ለፊት ግድግዳው ላይ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ከተማዋን የሠሩ ሰዎችን ሥሎበት ነበር። ድንጋይ ጠራቢው፣ ጭቃ የሚረግጠው፣ ውሃ የተሸከመችው ሴት፣ በመጨረሻም መስኮቱ ጥግ መጋዝ የያዘው አናጢ፣ ማለትም ኦቦ ቶሎሳ። ሁሉም ሁለት ዓይን አላቸው፤ አናጢው ግን አንድ። በአገራችን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ሞልቶ፣ ክፉ ሰው ደግሞ በጎኑ በአንድ ዓይን እንደሚሣል ልጅ እንኳ ያውቃል። ሠዓሊው ሞቷል፤ የሚጠየቅ የለም። ስለዚህ ሰው የመሰለውን አወራ፤ በጣሊያን ጊዜ አርበኛ ጠቁመው ይሆናል ተባለ። ኦቦ ቶሎሳ እዚያ ቤት ሲደርሱ መንገዱን ተሻግረው፣ አንገታቸውን ደፍተው ነበር የሚያልፉት።

አዲሱ ቤተ ክርስቲያን በር ባያስፈልገው ወሬው ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ያን በር መሥራት የኦቦ ቶሎሳ ትልቁ ምኞት ነበር። አባቴ የደብሩ ጸሐፊ ነበርና ሽማግሌዎቹ ያሰቡትን ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ፤ ባለ አንድ ዓይን የሠራውን በር ማን ይሳለማል ብለዋል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሌላ አናጢ ይመርጣሉ።

ቅዳሜ ማለዳ እናቴ ወፍጮ ቤት ወረፋ እንድይዝ ላከችኝ። ሱቁ ሁሉ ዝግ ነበር፤ ጠጅ ቤቱም። ጠጅ ቤት የሚዘጋው ከመሸ፣ ግድግዳው በማይታይበት ጨለማ ነው፤ ማለዳ ደግሞ ወደዚያ የሚያይ ጨዋ የለም። እኔ ግን እንደ ልማዴ ቆሜ አየሁ። የመስኮቱ መዝጊያ ቀን ቀን ወደ ውጭ ተከፍቶ ግድግዳው ላይ ነበር የሚያርፈው። አሁን ተዘግቷል፤ ይሸፍነው የነበረው የአናጢው ግማሽ ፊት ከነዓይኑ ተገልጧል። ሠዓሊው የሣለው መዝጊያው ሳይገጠም ነበር ማለት ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከደብሩ ዛፍ ሥር ሲሰበሰቡ ወደ አባቴ ሄድኩ።

«አባባ፣ ኦቦ ቶሎሳ ሁለት ዓይን አላቸው። የጠጅ ቤቱ መስኮት ሲዘጋ ይታያል።»

«ይህቺ ልጅ ጠጅ ቤት መዋል የጀመረችው መቼ ነው?» አሉ አንዱ ሽማግሌ፤ ሌሎቹ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። እጄን ይዞ መንገድ ሲጀምር ሁሉም ተከተሉን፤ ኦቦ ቶሎሳንም ከቤታቸው አስጠሩ። እትዬ በላይነሽ ደንበኛ ሳይመጣብኝ ቶሎ እዩ እያሉ መዝጊያውን ዘጉት። የቀለዱት ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ኦቦ ቶሎሳ ያን ሥዕል ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ እጃቸውን መዝጊያው ላይ አሳረፉ።

«ይህን መዝጊያ ሠርቼ የላክሁት እኔው ነኝ» አሉ።

ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ፣ ቡራዩም ሄድኩ ሱሉልታ፣ ዋናውን መንገድ ሁለት ጊዜ እመላለስበታለሁ፤ አንዴ ሱቆቹ ሲከፈቱ፣ አንዴ ሳይከፈቱ። ከተረቶቹ ብዙዎቹን ረስቻለሁ። ያን ሁሉ ዓመት በዚያ ግድግዳ ሥር ያለፈው ሰው፣ አባቴም ጭምር፣ በዓይኑ ያየውን ሳይሆን የሰማውን ይዞ መሄዱን ግን አልረሳም።

የቤተ ክርስቲያኑን በር ኦቦ ቶሎሳ ሠሩት። ወደ ውስጥ እንዲከፈት አደረጉት። ውጭ ግድግዳው ላይ የተሣለ ነገር እኮ የለም ሲባሉ «ነገ ይሣል ይሆናል» አሉ።