«አንቺ» ያልኩት ሊቀመንበር

የልጅ ልጄ ቤዛ እዚሁ ሚዛን ኮሌጅ ገብታለች። ባለፈው ሰኞ ለፈተና ጮክ ብላ ስታጠና፣ እኔ ጎደሬ እየላጥኩ አዳምጣታለሁ። አንድ የውጭ አገር የሥነ ጽሑፍ ሊቅ ነው አሉ፤ ቃል የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፣ ከሌላው አፍ የተዋስነው ነው፤ ብዙ ድምፅ ካልተሰማ ዴሞክራሲ የለም ይላል። ቢላዬን አስቀመጥኩ። ይሄንንማ እኔ ያለ መምህር፣ ገበያ መሃል ተምሬዋለሁ።

ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አፌን የፈታሁት በቤንችኖን፤ አማርኛን ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ነበር የምለቃቅመው። ክረምቱ ከብዶ፣ ቀዩ ጭቃ ጫማ ያስቀር ነበር። የሰፈራችን ሊቀመንበር እኛን ጎደሬና ቆጮ ሻጮቹን ከገበያው መሃል አንስቶ ወንዝ ዳር ሊጥለን ስብሰባ ጠራ። እናቴ እኛን ያሳደገችው በዚያች ቦታ ነው። ተነሳሁና፣

«ጋሼ፣ አንቺ ቦታችንን አትውሰጂ!» አልኩ።

አንተና አንቺ ገና አልተለዩልኝም ነበር። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰውየው ጋቢውን እንደ ሙሽራ ተከናንቦ እየተሽኮረመመ፣ «እሺ እመቤቴ! መጀመሪያ ቋንቋ ልመጂ፣ አቤቱታው ይደርሳል» አለ። ነገሩ በሳቅ ተዘጋ። በማግስቱ ወንዝ ዳር ጭቃው ላይ ተቀመጥን። እናቴ አንድም ቃል አልተቆጣችኝም። አለመቆጣቷ ነው ያንገበገበኝ።

ዓመቱን ሙሉ አማርኛ አጠናሁ። ቂም ጎበዝ መምህር ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አይቀርም።

በሚቀጥለው ክረምት ከበላይ የመጣ እንግዳ ባለበት ሌላ ስብሰባ ሆነ። ከሴቶቹ ጋር መክረን ነበርና አንዷ በቤንችኖን፣ አንዷ በሸኮ፣ አንዷ በካፊኖኖ ተናገሩ። እንግዳው ግራ ገባው።

«አስተርጓሚ የለም?»

ገበያ ያደገ ሰው ሦስቱንም ቋንቋ ይሰማል። ተነሳሁ። ወደ ሊቀመንበሩ ዞሬ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «እኚህ እናት እንዲህ ይላሉ፦ አንቺ፣ ቦታችንን ነጥቀሽ ለወንድምሽ ሱቅ ሰጠሽ!» አልኩ።

«ኧረ አንተ በይኝ!» ብሎ ጮኸ።

«እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ ጋሼ። ቋንቋ እንዲለምዱ እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው።»

በዚህ ጊዜ ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። እንግዳው ግን የወንድሙን ሱቅ ነገር አጥብቆ ያዘ፤ ቦታችን ተመለሰልን። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰውየው ብቅ ሲል ገበያው «አንቺ መጣች!» ይል ጀመር።

ዛሬ በከዘራ ነው የሚሄደው። ይቅር በይው ይሉኛል። እናቴ ግን ያ ጭቃ የሰጣትን ቁርጥማት እስከ መቃብሯ ይዛው ሄደች። ጠዋት ጠዋት ባጃጅ ሲጠብቅ ሳገኘው፣ ጎንበስ ብዬ በአክብሮት፣ «እንደምን አደርሽ፣ ጋሼ?» እለዋለሁ። ፊቱን ያዞራል።

የቤዛ ሊቅ፣ ቃል ሁሉ መልስ ይጠብቃል ይላል። እኔም እየጠበቅኩ ነው።