ብድግ ማለት ሲያቅት

በኛ አገር ሰው ሲገባ ይነሱለታል። ገቢው ታላቅ ወይም ሐዘንተኛ ከሆነ ደግሞ «ኖር!» እየተባለ ቤቱ ሁሉ ብድግ ይላል። እሱም «በእግዜር፣ በእግዜር» እያለ፣ አትነሱ የሚል እየመሰለ፣ ማን እንደተነሳና ማን እንዳልተነሳ በዓይኑ ጠርዝ እያየ ያልፋል። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እንዲያ እያየሁ ያለፍኩ ሰው ነኝ። የማይነሳ ሰው ክፉ ይመስለኝ ነበር፤ የማይነሳ ጉልበት እንዳለ አላወቅሁም።

ሪሁ የጀመረኝ ከጣቶቼ ነው። መጀመሪያ እርፍ መጨበጥ አቃተኝ፤ ከዚያ ጋቢ መደረብ ሥራ ሆነብኝ። ቆይቶ ወደ ጉልበቴ ወረደና እዚያው ተደላደለ። ባለቤቴ ፌጦ በቅቤ ለውሳ ስታሸኝ ከረመች። ጸበልም ገብቻለሁ። የጠዋቱ ውኃ ብርድ ከጉልበቴ ጋር እንዳልተስማማ ግን ለንስሐ አባቴ አልነገርኳቸውም፤ ከጉልበቴ ሌላ ለነፍሴም እንዲያዝኑላት አልፈለግሁም።

ጊዜው በየጎጣችን አንድ ለአምስት እየተባልን የተደራጀንበት ነው። በስም እኔ ከአምስቱ አንዱ ነኝ፤ ሥራ ሲወጣ ግን እነሱ አራት ነበሩ። ዋርካ ሥር ተቀምጬ «በርቱ!» እላቸዋለሁ። እነሱም ከአክብሮት የተነሳ «ይኑሩልን» ይሉኛል። ይህቺ «ይኑሩልን» ምን ያህል እንደምትከብድ፣ ደርሶበት ያልሰማት አያውቃትም።

ታዲያ በዚያው ዓመት የባልንጀራዬ ወንድም ተዝካር ሆነ። ባልንጀራዬ ስል እንዲሁ የሰፈር ሰው ማለቴ አይደለም። በጎልማሳነታችን ለየብቻችን አንዳንድ በሬ ብቻ ነበረን፤ ሁለቱን አቀናጅተን ዛሬ የሱን፣ ነገ የኔን ማሳ እያረስን ነው ሰው የሆንነው።

በተዝካሩ ቀን ዳሱ ሞልቶ ሳለ እሱ ገባ። ሰው ሁሉ ተነሳ። እኔም ልነሳ አሰብኩ። ሐሳቤ ተነሳ፤ እኔ ቀረሁ። «አሞኝ ነው» ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ጠላዬ ውስጥ ትንኝ የገባ ይመስል ዋንጫዬ ላይ አቀረቀርኩ። ባልንጀራዬ ፊቴ ሲደርስ ቆም አለ። ቀና አላልኩምና ያየሁት እግሩን ብቻ ነው። ከዚያ እግሩ አለፈ።

ብዙም ሳይቆይ ተጣልተዋል ተባለ። ምክንያቱን ደግሞ ሰው አዋጣልን። አንዱ ወሰን ተገፋፍተው ነው አለ፤ ሌላው የግጦሽ ነገር ነው አለ። እኔም ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ወሬው አልከፋኝም፤ በኔ ዕድሜ ጉልበቱ ሞተ ከመባል ጠበኛ ነው መባል ያጎለምሳል። ባልንጀራዬ ግን መምጣቱን ተወ። በበራችን ሲያልፍ ሳሉን እሰማለሁ፤ ሳሉ ይርቃል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳወራው እንኳ ይደክመኛል። ሰንበቴ መሄዴን ተውኩ፤ እዚያ ገቢው ብዙ ነው፣ መነሳቱም እንደዚያው። ልቅሶም ቀረሁ። መደቤ ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እውላለሁ፤ የጭቃውን ስንጥቅ ከልጆቼ መልክ ይልቅ አጠናሁት። ምግብ አይጥመኝም። ሌቱን ሕመሙ ይጠዘጥዘኛል፤ ቀን ሐሳብ ይረከበኛል፤ እንደ ዘብ ተራ ገብተው ይጠብቁኛል። ምንም ሳልሠራ ይደክመኛል። ጎሕ ሲቀድ «ደግሞ ማን አስነጋው» እላለሁ። ባለቤቴ ቀልድ መስሏት ትስቅ ነበር። በኋላ መሳቋን ተወች።

ባለቤቴ በደህናው ቀን «አንቱ» ትለኛለች፤ ስትናደድ «አንተ» እሆናለሁ። አንድ ጠዋት «አንተ ሰውዬ፣ ተነስ፤ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለች። እስከ ቡሬ በጋሪ፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ሄድን። ከአስፋልቱ እስከ ሆስፒታሉ ያመጣን ባጃጅ በነጠረ ቁጥር ጉልበቴ ከባለ ባጃጁ ጋር ይሳደብ ነበር፤ እኔ በበኩሌ ጨዋ ሆኜ ዝም ብያለሁ።

ሐኪሟ የልጅ ልጄ የምትሆን ልጅ ናት። ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳበሰች፣ ጉልበቴን አጠፈች፣ ዘረጋች። የመገጣጠሚያ ሕመም ነው፣ አብሮ የሚኖር ነው አለችና መድኃኒት አዘዘችልኝ። አለቀ ብዬ በትሬን ስፈልግ፣ እንቅልፍ ይወስድዎታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ምግብ ይበላሉ ወይ፣ ሰው ሲመጣ ደስ ይልዎታል ወይ እያለችም ቀጠለች። «ልጄ፣ ማን መጥቶብኝ? የማይለየኝ ጉልበቴ ብቻ ነው» አልኳት። አልሳቀችም። ረጅም ሕመምና ብቸኝነት አንዱ ሌላውን እንደሚያባብሰው፣ ሐሳቡ ራሱ ሕመም እንደሆነና እንደሚታከም፣ ካልቀለለኝ ተመልሼ እንድመጣ በቀስታ አስረዳችኝ።

«ከሰው ግን አይራቁ፣ አባባ» አለች።

በመንገድ ላይ አኮረፍኩ። ስለ ጉልበቴ ልጠይቅ ሄጄ ስለ ሆዴ ነግራ መለሰችኝ። ባለቤቴ ግን ምክሩን በራሷ መንገድ ሰማችው። እሷም እንደ አገሩ ሁሉ ጠቡን አምናዋለች። ሐኪሟ ከሰው አይራቁ ካለች፣ መድኃኒቱ እርቅ ነው ብላ ቆረጠች። ሳትነግረኝ ሄዳ ሽማግሌ ለመነች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ገቡ። ከኋላቸው ባልንጀራዬ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሕመሜን ሰምተው ነበርና እንዳልነሳ በእጃቸው ከለከሉኝ፤ ከመነሳት የሚከለክል የጉልበት ሕመም መሆኑን ግን አላወቁም። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ቅሬታ ያለው ይናገር አሉ። ባልንጀራዬ መሬት መሬት እያየ፣ ወሰንም ግጦሽም እንዳልነካ፣ ያዘነው በወንድሙ ተዝካር ዳሱ ሁሉ ሲነሳለት እኔ ስላልተነሳሁለት ብቻ እንደሆነ ተናገረ። ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅልኝ፣ በደሉ የኔ ነው፣ ይቅር ይበለኝ አልኩ። ላልነበረ ጠብ ይቅርታ መጠየቅ እንዴት ይቀላል!

«እንግዲያውስ ተነሱና ተሳሳሙ» አሉ ቄሱ።

ይህን ዘንግቼው ነበር። ባልንጀራዬ ተነስቶ እጁን ዘርግቶ ጠበቀኝ። ምሰሶውን ያዝኩ፤ ጣቶቼ አልጨበጡልኝም። ትንሽ ከፍ አልኩና ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ደግሜ አልሞከርኩም። ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስኩ። አንደኛው ሽማግሌ «ዛሬም?» ሲል ሰማሁት። ባልንጀራዬ በትሩን አንስቶ ወደ በሩ ዞረ። ያን ደፍ ከተሻገረ ተመልሶ እንደማይመጣ ገባኝ።

«ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ነው» አልኩ።

ቆመ። «ያን ቀንም?»

«ያን ቀንም።»

«ታዲያ አትናገርም?»

«ምን ብዬ? ጥጃ እንኳ በተወለደ ዕለት ይነሳል። እኔ አቃተኝ ልበል?» አልኩት። አንዴ ከተከፈተ አፌ አልዘጋ አለ፦ «መነሳቱ ብቻ አይደለም። መንጋቱንም ጠልቼዋለሁ።»

ባለቤቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ባልንጀራዬ ተመልሶ መጣና መደቡ ላይ ከጎኔ ተቀመጠ፤ ትከሻው ትከሻዬን ነካው።

«አንተ ሞኝ» አለኝ፣ «ያጠፋሁት ምን ይሆን እያልኩ ያንን ወሰን በሐሳቤ ስለካው ከረምኩ እኮ።»

ቄሱ የእርቅ ቡራኬ ይዘው መጥተው ጠብ አጡ። ጥቂት አሰቡና ለማንኛውም ባረኩን፤ ጠላም ቀረበ።

ሪሁ አልለቀቀኝም። ሐሳቡም ቤቱን አውቆታልና አንዳንድ ጠዋት ከኔ ቀድሞ ነቅቶ ይጠብቀኛል። ፍኖተ ሰላምም ተመልሼ ሄጃለሁ። ባልንጀራዬ ግን እሑድ እሑድ ይመጣል፤ አልሄድም ስለው ይሰድበኛል፣ ክንዴን ይዞ ሰንበቴ ይወስደኛል። መጀመሪያ የወሰደኝ ቀን ገና አረፍ እንዳልን ለቤቱ ሁሉ አወጀ፦

«እኒህ ሽማግሌ ጉልበታቸውን አሟቸዋል፤ አይነሱም። የሚቀየም ካለ እኔን ይቀየም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጥቂቶች ሳቁ። እኔም እንደ ሐዘንተኛ አቀረቀርኩ። ከማዕዘኑ በኩል ግን ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚመጣና ቀድሞ የሚወጣ፣ ኩሩ ነው እያልን የምናማው አንድ ሽማግሌ በቀጭን ድምፅ፣ «እባክህ እኔንም ጨምረህ ተናገርልኝ» አለ።

ማንም አልሳቀም። ባልንጀራዬ ደግፎኝ ወደ ማዕዘኑ ሄድኩና ከሰውዬው አጠገብ ተቀመጥኩ። የቱ ጋ እንደሚያምመው ጠየቅሁት፤ ዳሌውን አሳየኝ። እኔም ጣቶቼን አሳየሁት። ከዚያ በላይ ብዙ አላወራንም፤ ሁለታችንንም ደክሞን ነበር።