በየጳጉሜኑ ድልድይ ራስ ላይ የሚቀመጡት መምህራችን

ኢንጂነር እንየው ተገኘ፣ ብዙዎቻችን ጋሽ እንየው የምንላቸው፣ ነሐሴ ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው መካነ ኢየሱስ ከተማ በእኅታቸው ቤት ዐርፈዋል። ለረጅም ጊዜ ያሠቃያቸው የኩላሊት ሕመም ነበር። መንገዱ እንደምታውቁት ነውና ከንፋስ መውጫም ከወገዳም ብዙዎቻችሁ ለቀብራቸው ሳትደርሱ ቀርታችኋል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው በንፋስ መውጫው አዳራሽ፣ በውሃ ሀብት ምህንድስናና በሃይድሮሎጂ ሞዴል ሥልጠና ላይ አብራችሁኝ ለነበራችሁ ነው። ደግሞም ሾላ ወንዝ ድልድይ ራስ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ተቀምጠው አይታችሁ «እኚህ ሰው ምን ነካቸው?» ላላችሁ ሁሉ ነው። የነካቸውን አውቃለሁ። ግማሹ የእኔ ሥራ ነው።

ወገዳ የምኖር የውሃ ባለሙያ ነኝ። ጋሽ እንየውን ያወቅኋቸው የመጀመሪያው ሥልጠና ላይ ነው። ልዋሽ አልችልም፣ አብዛኞቻችን የሄድነው ለአበሉ ነበር። እኔ ደግሞ የአራት ወር ልጅ ታቅፌ ስለነበር ከበር ይመልሱኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ትምህርቱ እንደተጀመረ ልጁ አለቀሰ። ተነሥቼ ልወጣ ስል መጥተው ተቀበሉኝና በግራ ክንዳቸው አቅፈው፣ በቀኝ እጃቸው እየጻፉ፣ ስለ ጎርፍ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ልጁ ትከሻቸው ላይ ተኛ። «ከእናንተ እሱ ይሻላል፤ ሲተኛ አያስመስልም» አሉን። ያ ልጅ ዛሬ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ መሞታቸውን ስነግረው ማን እንደሆኑ አላስታወሰም።

በመጀመሪያው ቀን ላፕቶፕ እንድንከፍት አልፈቀዱም። ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ጅረት ወሰዱንና የአካባቢውን አዛውንት እያስቆምን ውሃው ከሁሉ በላይ የት ድረስ እንደመጣ እንድንጠይቅ አዘዙን። አንዱ ሠልጣኝ ኮምፒዩተሩ ያሰላው የለም ወይ ብሎ አጉረመረመ። ጋሽ እንየው ቆጣ አላሉም። «ሞዴል የነገሩትን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሐሜት እንኳ አይሰማም። ሳትነግሩት የቀራችሁት ሁሉ በእናንተ ይቆጠራል» አሉ። ሁላችንም ደብተራችን ላይ ጻፍነው። እኔም ጽፌዋለሁ፤ ከነቀኑ አለ።

የሥልጠናው ማጠቃለያ እውነተኛ ሥራ ነበር። ሾላ ወንዝ ላይ የእግረኛ ድልድይ ሊሠራ ታስቦ፣ ወለሉ ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት በስሌታችን እንድናሳይ ተጠየቅን። ከማዶ ያሉ ገበሬዎች ገበያቸውም፣ ጤና ጣቢያቸውም፣ የልጆቻቸው ትምህርት ቤትም ከወዲህ በኩል ነው። ወንዙ ውስጥ የተተከለውን ባለ ቁጥር ብረት ጠዋትና ማታ እያነበቡ በደብተር የሚመዘግቡ አያ ፈንቴ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። የብዙ ዓመት ደብተራቸውን ወደ ኮምፒዩተር የመገልበጡ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ።

ጋሽ እንየው የሰጡኝ ቅጽ ለእያንዳንዱ ዓመት አሥራ ሁለት ሰንጠረዥ ነበረው። የአያ ፈንቴ ደብተር ግን፣ እንደ አገሩ ሁሉ፣ አሥራ ሦስት ወር ነው። ነሐሴን ጨርሼ ጳጉሜን ላይ ስደርስ የምጽፍበት ቦታ አጣሁ። መጠየቅ ነበረብኝ። ገጹን ገልጬ መስከረም ላይ ቀጠልኩ፤ በየዓመቱም እንደዚያው አደረግሁ። አምስት ቀን ምን ያመጣል ብዬ ነው። ደመወዝ የማይታሰብባት ወር ጎርፍ ይኖራታል ብዬ አላሰብኩም።

ሞዴሉ ደስ የሚል ውጤት አወጣ፤ ወለሉ ዝቅ ቢልም ይበቃል አለ። ጋሽ እንየው አዩት፣ ፈረሙበት፣ ድልድዩም ተሠራ። በከበሮ ተመረቀ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ እኔም ነጭ ለብሼ አጨበጨብኩ።

በዓመቱ ሁለተኛው ዙር ሥልጠና ሲከፈት ጋሽ እንየው አያ ፈንቴን በእንግድነት ጠርተው ከፊት ወንበር አስቀመጧቸው። የወንዛቸውን ውሃ ልክ በየወሩ የሚያሳየውን ሥዕል ግድግዳው ላይ አብርተው የእርሳቸው ድካም መሆኑን ነገሯቸው። አያ ፈንቴ ትክ ብለው አዩትና ቀስ ብለው ጠየቁ።

«የጳጉሜኗን ውሃ የት አደረጋችኋት? ያችን ዋርካው ሥር ያለውን ድንጋይ የዋጠችውን።»

ጋሽ እንየው ደብተሩን ተቀብለው ቆመው አነበቡት፣ ደገሙት፣ ከዚያ ከሠልጣኞች አግዳሚ ላይ ከእኛው ጋር ተቀመጡ። በደብተሩ ሁሉ ውስጥ ትልቁ ውሃ በአንድ ዓመት ጳጉሜን የመጣው ነበር። ዛሬ ቢመጣ ከድልድዩ ወለል በላይ አንድ ክንድ ያልፋል። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ልናገር ተነሣሁ። በእጃቸው አስቀመጡኝ።

«ቅጹን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር ከሆነበት አገር ገልብጬ። አንቺ የሞላሽው የሰጠሁሽን ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ስለ እኔ ጥፋት አንድ ቀን ትንፍሽ አላሉም፣ እኔም እንዳወራ አልፈቀዱም። ዛሬ ለሁላችሁም የምናገረው የሚከለክለኝ ስለሌለ ነው።

ድልድዩ ከፍ እንዲል፣ ካልሆነም በክረምት እንዲዘጋ፣ ለየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጻፉ። ደጅ ጠኑ። አንዱ ዘንድ የተመረቀ ድልድይ አይነካም ተባሉ፤ ሌላው ዘንድ የአንድ ገበሬ ደብተር ማስረጃ አይሆንም ተባሉ። ድልድዩ ሲሠራ ግን ማስረጃው ያው ደብተር ነበር። ጉዳዩን የሚያውቁት ሰዎች ተቀያየሩ። በኋላም መንገዱ በየጊዜው ይዘጋ ጀመርና ሥልጠናውም ቀረ። የሚጻፍለት ሰው ሲያጡ ጋሽ እንየው ራሳቸው ሄደው ተቀመጡ።

በየዓመቱ ጳጉሜን ሊገባ ሲል እንደምንም ወገዳ ይደርሳሉ፣ ከዚያ በእግራቸው ሾላ ወንዝ ይወርዳሉ፣ ድልድዩን ተሻግረው ከማዶ ዋርካው ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። የድልድዩ ምሶሶ ላይ ቀይ መስመር ቀብተው ነበር። ውሃው መስመሩን ሲነካ ይነሡና ከዘራቸውን በድልድዩ በር ላይ አግድም ይዘው ሰው ይመልሳሉ። ጳጉሜንን ብቻ ለምን እንደሚጠብቁ ስጠይቃቸው፣ በነሐሴ ሰው ወንዙን ራሱ እንደሚፈራ ነገሩኝ። «ነሐሴን የፈራ ጳጉሜንን ይዳፈራል። ክረምቱ ያለቀ ይመስለዋል፤ ደግሞም የዓመት በዓል ገበያ አለበት» አሉ። በግና ዶሮ የያዘው ገበያተኛ የሚመለሰው ለሽበታቸው ብሎ እንጂ ለሃይድሮሎጂ ብሎ አልነበረም። አንዳንዱ «ጋሼ፣ ዛሬስ ወንዙ ምን አለዎ?» እያለ ያሾፍባቸው ነበር። አብረው ይስቁ ነበር።

አንድ ዓመት፣ በጳጉሜን ሦስት፣ በሩፋኤል ዕለት፣ አብሬያቸው ነበርኩ። ከሌሊት ጀምሮ ሲዘንብ ያደረው ዝናብ አላባራም፤ ውሃው ቀዩን መስመር አልፎ ወደ ወለሉ እየተጠጋ ነበር። ከዳገቱ በኩል ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ወረዱ። ምጥ የጸናባት ሴት ናት፤ ሁለት ቀን ሆኗታል። ባልዋ ጌታሰው ይባላል። ከዘራውን ሲያይ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

«ዛሬ እኮ ሩፋኤል ነው፤ ማኅፀን የሚፈታው መልአክ ቀን ነው። ያሳልፉን፣ አባቴ» አለ።

«ልጄ፣ ድልድዩ ስሕተት ነው። የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ውሃው ከነሚስትህ ይወስድሃል» አሉት።

ተሸካሚዎቹ ወንዙን አዩ፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ ቃሬዛውን አወረዱ። ጋሽ እንየው ጃንጥላቸውን ለሴቲቱ ዘረጉላት፣ ካፖርታቸውን አለበሷት። ስልክ አይሠራም። ሌላ መሻገሪያ የለም። እኔ እጇን ይዤ ከመቀመጥ በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ስለ ውሃ ያለኝ ሰርተፍኬት ሁሉ እዚያ ምንም አልሠራም። ከቀትር በኋላ ልጁ ተወለደ። አልተነፈሰም። እናቱ ተረፈች።

ውሃው የድልድዩን ወለል ላሰው፣ ጥቂት ቆየ፣ ከዚያ ጎደለ። ድልድዩ አልተነቃነቀም። እስከ ዛሬም እንደቆመ ነው።

ቢሻገሩ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ይህን የሚመልስ ሞዴል ጋሽ እንየው አላገኙም። ሞክረዋል። በየጊዜው ስሌቱን እየከፈቱ የዚያን ቀን ዝናብና የዚያን ሰዓት ውሃ እያስገቡ ይደጋግሙት ነበር። ግምቱን ትንሽ ሲቀያይሩት፣ አንድ ጊዜ ድልድዩን ውሃ ይወስደዋል፣ አንድ ጊዜ ይቆማል። እኔም ስሌቱን እንዲተዉት ለመንኳቸው፤ አልሰሙኝም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የሩፋኤል ዕለት ውሃው ሲጎድልላቸው ዳገቱን ወጥተው ጌታሰው ደጃፍ ላይ ይቀመጡ ነበር። እርሱም ግቡ አይላቸውም፣ ሂዱም አይላቸውም።

ታመው በመጨረሻ የጠየቅኋቸው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። ፊታቸው አብጦ፣ ድምፃቸው ደክሞ ነበር። ሕክምናው ሩቅ ነው፣ መንገዱም ለመኪና ዝግ ነበር። እኅታቸው ከጓዳ ሆነው ያለቅሳሉ። ብርቱካን ይዤ ሄጄ ነበር፤ መብላት እንደተከለከሉ ያወቅሁት እዚያው ነው። ስለ ልጄ ጠየቁኝ፣ ስለ አያ ፈንቴ የደከመ ዐይን ጠየቁኝ። ከዚያ «ዘንድሮ ጳጉሜን አምስት ናት ስድስት?» አሉ። አምስት መሆኗን ነገርኳቸው። በጣታቸው ብርድ ልብሱ ላይ አምስት ቆጠሩ። ማን እንደሚቀመጥ አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም፤ ገና አልቆረጥኩም ነበር፣ ፈርቼም ነበር።

በሣልስቱ ጌታሰው ከስማዳ፣ ከሾላ ወንዝ ማዶ፣ በእግሩ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ የሚያውቀው ሰው እኔን ብቻ ነበር። ለምን እንደመጣ ጨንቆኝ ተነሥቼ አጠገቡ ቆምኩ። እኅታቸው እጅ ነሥተው እንዲቀመጥ ለመኑት። ሳይቀመጥ ተናገረ።

«በየዓመቱ ደጄ ተቀምጠው "ልክ ልሁን ልሳሳት አላውቅም፣ ልጄ" ይሉኝ ነበር። ይቅር ብያለሁ ማለት አቅቶኝ ኖርኩ። አንድ ጳጉሜን ያ ወንዝ ድልድዩን ይዞት በሄደና፣ ልክ እንደነበሩ ታውቆ፣ እርሳቸውም እኔም ባረፍን እያልኩ እለምን ነበር። እርሱም ሳይሆንላቸው ሄዱ።»

ከዚያ ተቀመጠ። የቀረበለትን ቆሎ ሳይነካ በእጁ ይዞ ዋለ።

ጋሽ እንየው፣ ይህን የምጽፈው ከድንጋይዎ ላይ ተቀምጬ ነው። ዛሬ ጳጉሜን ሁለት ነው። ከዘራዎን እኅትዎ ሰጡኝ። ቀዩን መስመር ደግሜ ቀብቼዋለሁ። አያ ፈንቴ ዐይናቸው ስለደከመ ጠዋት አብረን አነበብን፤ ውሃው ከመስመሩ ስንዝር ይቀረዋል። ደመናው ግን ከብዷል። የዘለልኳቸውን አምስት ቀን አሁን እኔ እቀመጥባቸዋለሁ። ዕዳው ሲጀመርም የእኔ ነበር፤ አላካፍልም ብለው ብቻዎን ተሸከሙት።

ከእርስዎ ብዙ ተምሬያለሁ። ነገ ሩፋኤል ነው። ቃሬዛ ይዘው ቢመጡ ምን እንደምላቸው ግን አላስተማሩኝም። ቢያውቁት ኖሮ እንደማይደብቁኝ አውቃለሁ። እዚያ ያለ የሚያውቅ ካለ ይጠይቁልኝ። ነፍስዎን በደጋጎቹ ዕቅፍ ያሳርፍልኝ፤ ልጄን በክንድዎ እንዳስተኙልኝ። ደኅና ይሁኑ፣ መምህሬ። ከዳገቱ ሰው እየወረደ ነው፤ ልነሣ።