ከኒሙ ሥር ያሉት ሁለት ዚሮች

ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከቤቴ ፊት ለፊት ባዶ ሜዳ አለ። ከሜዳው ዳር አንድ የኒም ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ደግሞ ሁለት ዚር አለ። ዚር ማለት ውኃ የሚያቀዘቅዝ ትልቅ የሸክላ ጋን ነው። ሁለቱንም ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ይህን እዚህ ላይ መጻፍ አልከበደኝም፤ መናገር በነበረብኝ ቀን ግን አልተናገርኩም።

ሚስቴ ካፉሪ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። መኪና ያጣች ቀን በዚያ ፀሐይ በእግሯ ትመጣለች። ቤት ስትገባ፣ «ዛሬም አንዱ ሙት አጠጣኝ» ትለኛለች። እዚህ አገር ዘመድ የሞተበት ሰው መንገድ ዳር ዚር ያስቀምጣል፤ አላፊ አግዳሚው ጠጥቶ ለሞተው ዱዓ ያደርጋል። ያስቀመጠው ሰው ግን የእኔ ነው አይልም። ካለ ሰደቃውን መልሶ ወሰደው ማለት ነው።

ስትታመም፣ «ለእኔም አስቀምጥልኝ» አለችኝ። «ስሜን ግን እንዳትጽፍበት። በዚያ ጽሕፈትህ ታዋርደኛለህ» ብላ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ስትስቅ አልሰማኋትም።

የሞተችው ጦርነቱ በገባ ሰሞን ነው። ሰዉ ሸሽቷል፤ አራት ሆነን ቀበርናት። በማግሥቱ ሁለቱን ዚሮች ኒሙ ሥር አስቀመጥኩላት። የቀሩት ያገሬ ልጆችም ዕቃቸውን አሥረው፣ «ጋሼ፣ ይነሡ እንጂ፣ ያላ!» አሉኝ። «ዚሩን ማን ይሞላል?» አልኳቸው። አበደ ብለው ሄዱ።

እኔ ቀረሁ። ውኃ በአህያ ጋሪ ሲመጣ እገዛለሁ፤ ሳይመጣ ሲቀር በጀሪካን እያመላለስኩ እሞላለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ሰው የማያልፍበት ቀን ነበር። ሰው ያልጠጣበት ዚር ውኃው ይሸታል። ስለዚህ ራሴ ደፍቼ ራሴ እሞላ ነበር። እኔም ከዚያው እየጠጣሁ ዱዓ አደርግላታለሁ፤ ሌላ ሰው የለማ።

ሰዉ መመለስ ሲጀምር፣ ከመሐሊያው አንድ ቀያሽ መጣ። መሐሊያ እንደኛ ወረዳ ነው። ሜዳውን ለካ፣ ዛፉን ጻፈ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ያ ሐጅ፣ ዚሩ የማን ነው?»

ሐጅ አድርጌ አላውቅም፤ እዚህ ግን ጸጉሩ የነጣ ሁሉ ሐጅ ነው። «የአላህ» አልኩት።

«ከአላህ ቀጥሎስ?»

«የጠማው ሰው።»

ሳቀ፤ አንድ ጣሳ ጠጣ፣ ዱዓ አደረገ፣ ጽፎም ሄደ። እኔ በዱዓው ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ምን እንደጻፈ አልጠየቅኩትም።

ሜዳው ዳር ሻይ የምትሸጥ አንዲት የወሎ ሴት አለች። እዚህ ስላደገች ዐረብኛ ታነባለች። በሳምንቱ መስጊዱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን አንብባ እየሮጠች መጣች። መሐሊያው ሜዳውን የሱቅና የመጋዘን ቦታ ሊያደርገው አስቧል፤ ሜዳው ላይ ንብረት ያለው ሰው ሰኞ መጥቶ ይቃወም ይላል። ሜዳው ላይ ያለውም ተዘርዝሯል፦ አንድ ዛፍ፣ ባለቤት የሌለው ሁለት ዚር።

«ጋሼ፣ ባለቤት የለውም ብለው አስጻፉ?»

«እውነቱን ተናገርኩ።»

«ጉድ ፈላ! ሰኞ ሄደው የእኔ ነው ይበሉ። ሌላ ምንም አያስፈልግም።»

«አልልም።»

«ድርቅ ያሉ ሰው!»

«ነኝ።»

ሰኞ ግን ወደ መሐሊያው አዳራሽ ሄድኩ። እሷም ሻይዋን ትታ ተከተለችኝ፤ በሩ ጋ ቆመች። ፊት ወንበር ላይ ነጫጭ ጀለቢያ የለበሱ ነጋዴዎች ተቀምጠዋል። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። የለቅሶ ድንኳን የሚተከለው እዚያ ሜዳ ላይ ነው፣ ዒድ የሚሰገደው እዚያ ነው አልኩ። ስብሰባውን የሚመራው ሊቀ መንበር የደከመው፣ ትሑት ሰው ነው።

«እሱ የሁሉም ነው፣ ያ ሐጅ። አንተ ምን አለህ?»

«ሐበሻው መሬት ሊጠይቅ ነው!» አለ አንዱ ነጋዴ። ተሳቀ።

ሊቀ መንበሩ ገሠጸውና ወረቀቱን አየ። «ዚሩ ያንተ ነው? አዎ በል፣ ተቃውሞህን እመዘግባለሁ። ነገሩም ለጊዜው ይቆያል።»

ሴትዮዋ ከበሩ ጋ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፤ ይበሉ፣ ይበሉ እንጂ ማለቷ ነው። አፌን ከፈትኩ። አዎ ብል ሜዳው ይተርፍ ይሆናል። አዎ ብል ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ የሞላሁት ውኃ ለእሷ መሆኑ ይቀርና የእኔ ንብረት ይሆናል።

«እኔ የምሞላው ነኝ» አልኩ።

«ባለቤቱስ?»

«ሞታለች።»

ሊቀ መንበሩ ብዕሩን አስቀምጦ፣ «አላህ የርሐማ» አለ፤ አላህ ይማራት ማለቱ ነው። ከኋላ ያሉት ተከተሉት። ያ ነጋዴ እንኳ እጁን ዘርግቶ ለእሷ ዱዓ አደረገ። ስትቀበር አራት ነበርን። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን መቶ ሰው ሳይሆን አይቀርም የለመነላት፤ ስሟን ሳያውቅ።

ከዚያ ሊቀ መንበሩ ብዕሩን አንሥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ድምፅ ተሰጠ፤ ሜዳው ለሱቅ ተወሰነ። ሻይ ሻጯ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን ሻይ አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

አሁን ዛፉ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። የሱቆቹ ጀርባ እስከ በሬ ድረስ ይመጣል አሉ። ዚሮቹን ወደ ግድግዳዬ አስጠጋለሁ፤ ግን በሱቅ ጀርባ ማን ያልፋል? እንደ ጦርነቱ ሰሞን ራሴ እየደፋሁ ራሴ ልሞላ ነው።

ዛሬ ጠዋት ጡብ የጫነ መኪና መጣ። ካራገፉት አንዱ፣ ላቡ እየወረደ፣ ጣሳውን አንሥቶ «ያ ሐጅ፣ የማን ነው?» አለኝ።

«ጠጣ» አልኩት።

ጠጣ። ጣሳውን መልሶ ሲደፋው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወደ ጡቡ ሄደ፤ እኔም የጎደለውን ሞላሁ።