ሽማግሌዎቹ ተሰልፈው ባጃጄ ውስጥ የገቡ ቀን

አትሳቁ እንግዲህ! «ለአራስ ልጅ ቪያግራ? ቀጣፊ!» ስትሉኝ ይሰማኛል። ቀጣፊነቴን መርሳ ከተማ ሙሉ ያውቃል፣ አልክድም። ይቺ ግን ወላሂ እውነት ናት። በጦርነቱ ጊዜ ነው፣ ወደ ወልድያም ወደ ደሴም መንገዱ ተዘግቶ። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣችው፣ እውነት ተናግሬ የተሳቀብኝ ያን ቀን ብቻ ስለሆነ ነው።

እህቴ ዘሀራ ወለደች። ከዚህ በፊት ሁለት ልጅ ቀብራለች፣ ባሏ ደግሞ ግንባር ነው። ልጁ ገና እንደተወለደ ከንፈሩ በለዘ፣ ጥፍሩ በለዘ። ከወልድያ ተፈናቅላ እኛ ዘንድ የቀረች አንዲት ዶክተር ኦክስጅን አደረገችለት። ማሽኑ የሚሠራው በጄኔሬተር ነው። ለጄኔሬተሩ የባጃጁን ቤንዚን ቀድቶ የሰጠው ማነው? እኔ! ይቺን ጻፉልኝ።

ኦክስጅኑ ግን ብቻውን አልበቃም። «የሳንባው ደም ሥር እንደ ተጨበጠ እጅ ሆኖ አልፈታ ብሏል» አለችኝ ዶክተሯ። «ውጭ አገር እሱን የሚፈታ፣ በትንፋሽ የሚሳብ ጋዝ አለ። እኛ ጋ የለም። ቪያግራም ግን ይፈታዋል። ፈጭቼ በጥብጬ በቱቦ ጠብ ጠብ አደርግለታለሁ። ሩጥ፣ ፈልግ።»

ልስቅ ብዬ አየኋት። እሷ አልሳቀችም።

መድኃኒት ቤቶቹ ተዘርፈው ባዶ ናቸው። አንዱን ባለመድኃኒት ቤት መኖሪያው ድረስ ሄጄ ብጠይቀው፣ «ሽማግሌዎቹን ጠይቅ፤ ከጦርነቱ በፊት ለነሱ ነበር የምሸጠው» ብሎኝ በሩን ዘጋ።

ሽማግሌዎቹ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ዋርካው ሥር ስለ ከተማዋ ሲመክሩ ደረስኩ። መሀላቸው ገብቼ፣ «አባቶቼ፣ ቪያግራ ያላችሁ!» አልኩ።

አንዱ ከዘራቸውን አነሱ። «ይኼ ባለጌ! ዛሬ እንኳ ይቀልዳል?»

«ለምንህ ነው? ሚስት የለህ!» አሉ ሌላው። ዋርካው ሥር ሳቅ በሳቅ ሆነ። «የዘሀራ ልጅ ሊሞት ነው!» ብል ማን ይስማኝ። እዚያው እንባዬ ዱብ አለ። የኔ እንባ!

ሸህ እንድሪስ የሚባሉ ትልቅ ሰው እንባዬን አይተው ሳቁን ገሠጹ። «እውነቱን ነው። ያለውም ሰው ግን አለኝ ለማለት ያፍራል» አሉ። «ስለዚህ ሁላችንም ቤታችን ደርሰን እንመለስ። ያለውም የሌለውም፣ አንድ በአንድ የዚህ ልጅ ባጃጅ ውስጥ ገብቶ ይውጣ። ማንም ማንንም እንዳይጠይቅ።»

ባጃጄን እየገፋሁ አመጣኋት፣ ሸራዋን አወረድኩ፣ ፊቴን አዞርኩ። የመርሳ ትላልቅ ሰዎች ተሰልፈው ገቡ፣ ወጡ። አንዱ ከውስጥ ሆነው፣ «ሾፌር፣ ሲሪንቃ ታደርሰኛለህ?» አሉኝ። ቄሱም ገቡ። «ለአብሮነት ነው» አሉ ሲወጡ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ሸራውን ብገልጥ ወንበሩ ላይ አሥራ አንድ ክኒን! አንዷማ ግማሽ ናት፣ ባለቤቷ ቆጣቢ ነው። አጠገቧ ደግሞ አንዲት የራስ ምታት ክኒን አለች፤ የጣላት ሰው ባዶ እጁን መግባት አፍሮ ነው።

ዶክተሯ ማሸጊያው ያልተቀደደውን፣ ጊዜው ያላለፈውን መረጠች። ፈጭታ በጥብጣ ጠብ ጠብ አደረገችለት። እኔና ዘሀራ ከከንፈሩ ላይ ዓይናችንን አላነሳንም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ከንፈሩ ቀላ። ከዚያ አፉን ከፍቶ አለቀሰ፤ ዘሀራ ሳቀች።

ልጁ ዛሬ ሰፈር ያተራምሳል፣ እንደ አጎቱ። እሱን ሳይ ደረቴን እነፋለሁ። እነዚያን ሽማግሌዎች ሳይ ግን ጎንበስ እላለሁ። ለሰው ልጅ ብለው ገበናቸውን ባጃጄ ውስጥ ጥለው ወጥተዋላ!

አሁንም አላመናችሁም? መርሳ ሂዱና ያን ቀን ዋርካው ሥር የነበሩትን አንድ በአንድ ጠይቁ። ሁሉም «እኔስ ባዶ እጄን ነው የገባሁት» ይሏችኋል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ ታዲያ ክኒኖቹን ባጃጇ ናት የወለደቻቸው?