ሰው አብዛልኝ

ቡራዩ ውስጥ፣ ወደ ገፈርሳ በሚያወጣው መንገድ ዳር ባለ አንድ ሰፈር፣ ሰው ሲሞት ለዕድሩ የሚለፍፈው ጋሽ ኪዳኔ ነበር። ሙሉ ስሙ ኪዳነወልድ ነው፤ ግን ማን ይጠራዋል? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጥሩምባውን ይዞ በየበሩ እየዞረ ሲያረዳ የኖረ ሰው ነው። ጎህ ሳይቀድ ድምፁ ከተሰማ ሰፈሩ ቀጥ ይላል። «ዛሬ ደግሞ ማን ይሆን?» ይላል ሰው ከብርድ ልብሱ ሳይወጣ። ሕፃናት ይፈሩት ነበር። ሙሽሮች በሠርጋቸው ሰሞን ሲያዩት መንገድ ይቀይሩ ነበር። እሱ ግን አይከፋውም። «ሞትን እኔ አላመጣሁት፤ ከኋላ ከኋላው ነው የምሄደው» ይላል እየሳቀ።

ከሁለት ዓመት በፊት ዕድሩ ዘመነ። ሊቀመንበሩ አቶ እውነቱ ቀልጣፋ ሰው ነው፤ ከዕድሩ አዳራሽ ጣሪያ በላይ ረጅም እንጨት አስተክሎ ትልቅ ድምፅ ማጉያ አሰቀለበት። ጋሽ ኪዳኔ ጉልበቱን ስለሚያመው አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብሎ በማይክ እንዲናገር፣ የዕቃ ቤቱንም ቁልፍ እንዲይዝ ተወሰነ። እውነት ለመናገር ደስ ብሎታል። ጭቃ የለ፣ ውሻ የለ፣ መናገር ብቻ! ምን ዋጋ አለው።

ነገሩ ያልጣማት እትዬ ብዙነሽ ነበረች። በልጅነቷ ከጎጃም መጥታ እዚያው የቀረች፣ ባልም ልጅም የሌላት፣ በየለቅሶ ቤቱ የዕድሩን ሳህን የምታጥብ ሴት ናት። ከማንም ቀድማ ትመጣለች፣ ከሁሉም ኋላ ትሄዳለች። የገፈርሳ ብርድ ባለበት በዚያ ውሃ ስታጥብ ጣቶቿ ተኮራምተው ነበር። ያላጠበችበት ለቅሶ ቤት በሰፈሩ የለም።

«አንተ ኪዳኔ፣ እግር ያለው ሰው ለምን በሽቦ ይናገራል?» አለችው አንድ ቀን ድስት እየፈገፈገች። «ስማኝማ። የእኔ ዘመድ ዕድሩ ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን የሰው ሳህን ያጠብኩት ለምን ይመስልሃል? በቀብሬ ቀን ሰው አብዛልኝ። ብቻዬን እንዳልሄድ።»

«ምነው እትዬ፣ እኔ ብቀድምሽስ?»

«አትቀድመኝም፤ አደራ አለብህ» ብላ ሳቀች።

ጋሽ ኪዳኔ ግን አልሳቀም። «እግዜር ምስክሬ ነው፣ አገሩን ነቅዬ አመጣልሻለሁ» አላት።

ችግሩ አይጥ ነበር። ከአዳራሹ ጀርባ የነበረው ማሳ ቤት ሲሠራበት የሜዳ አይጥ ሁሉ ጉድጓዱ ፈረሰበትና ወደ አዳራሹ ገባ። ለሐዘንተኛ የሚቀመጠውን ዱቄትና ክክ ይፈጀው ጀመር። ጋሽ ኪዳኔ መርዝ እንዳይጨምርበት ሰው የሚበላው እህል ነው። ድመት አመጣ፤ ድመቷ ሁለት ቀን አድራ ወደ ሥጋ ቤቱ ኮበለለች። ብልህ ናት!

«ጋሽ ኪዳኔ፣ ይህን ሁሉ ክክ አይጥ በላው ይላሉ» አለ እውነቱ በስብሰባ መሃል። «ምስክርዎ ማነው? የአይጥ ምስክሯ ድምቢጥ!» ሰው ሁሉ ሳቀ። ሠላሳ አንድ ዓመት በእምነት የኖረ ሰው በክክ ይታማ? በማግስቱ ጋሽ ኪዳኔ የቀረውን ክክ በጆንያ ቋጥሮ፣ ምንም አይደርስበትም ብሎ ከጣሪያው አግዳሚ ላይ አንጠለጠለው። የድምፅ ማጉያው ገመድም የሚያልፈው በዚያው አግዳሚ ላይ ነበር። ይህን ልብ አላለም።

በየካቲት፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሐኒ የምትባለው የእትዬ ብዙነሽ አከራይ እያለቀሰች መጣች። እትዬ ብዙነሽ በተኛችበት አርፋለች። ጋሽ ኪዳኔ አዳራሹን ከፍቶ ገባ፣ ብርዱን ለመከላከል በሩን ዘጋ፣ ማሽኑን አበራ። ቀይዋ መብራት በራች። አዳራሹ ውስጥ በተሰቀለችው ትንሽ ድምፅ ማጉያም የራሱን ድምፅ ሰማ። «የዕድራችን አባል ወይዘሮ ብዙነሽ ስላረፉ፣ ቀብራቸውም ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ስለሚፈጸም…» እያለቀሰ ሦስት ጊዜ ደገመው። እንዲያ አሳምሮ ለፍፎ አያውቅም።

ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበሩ ተደረደረ። አራት ሰዓት ሆነ፤ ሰው የለም። አምስት ሰዓት ሆነ። ከሐኒና ከጋሽ ኪዳኔ ሌላ የነበሩት ከሐኒ አፍ የሰማው እውነቱ፣ እሱ በስልክ የጠራቸው ተረኛ መቃብር ቆፋሪ ኦቦ ጉተማና የኦቦ ጉተማ ጎረቤት ብቻ ናቸው።

«ድሃ ናታ!» አለ እውነቱ ራሱን እየነቀነቀ። «ዘንድሮ ሰው ቀብር የሚወጣው ሀብት አይቶ ነው።»

ሁሉም አመኑት። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው! ከአምስቱ አንዱ ተነስቶ አንድ በር አላንኳኳም። «ምነው ቀራችሁ?» ብሎ አንድ ስልክ አልደወለም። ድሃ ተናቀ ሲባል ለማመን ምስክር አንጠይቅም። ቄሱ ሌላ ፍትሐት ነበረባቸውና ቸኮሉ። አራቱ ወንዶች ተሸከሟት፤ ሐኒ ብቻዋን ከኋላ እያለቀሰች ተከተለች።

አፈሩ ሲመለስ ጋሽ ኪዳኔ አልቻለም። ወደ ሰፈሩ ዞሮ፣ «እናንተ ሰዎች!» ብሎ ጮኸ። «ሳህናችሁን ስታጥብ የኖረች እጅ ናት! የእናንተንም ቀን ያሳየኝ!» ኦቦ ጉተማ ክንዱን ይዞ ወሰደው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለእዝን የሚበስለውን ክክ ሊያወርድ ወደ አዳራሹ ገባ። ለማን እንደሚበስል እንጃ። ጆንያውን ሲነካው ቀለለው። ሁለት አይጦች ከውስጡ ወጥተው በትከሻው ላይ ዘለው አለፉ። ቀና ሲል ገመዱን አየ። አይጦቹ ጆንያው ጋ ለመድረስ ገመዱን መንገድ አድርገውት ኖሯል፤ ሲመላለሱም ግጠው ግጠው ውጭ ወዳለው ድምፅ ማጉያ የሚሄደውን ሽቦ በጥሰውታል። ጠዋት የለፈፈው ሁሉ ከአዳራሹ ግድግዳ አላለፈም ነበር።

«አደራ በላሁ» አለ ድምፁን አውጥቶ። «ወይኔ! አደራ በላሁ።»

ጉልበቱን ረስቶ ወጣ። መጀመሪያ የደረሰው ሱሩር ሱቅ ነው።

«ሱሩር፣ እትዬ ብዙነሽ አረፈች።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን! የእኛ ብዙነሽ?» ሱሩር የሚመዝነውን ስኳር ጥሎ የሱቁን በር መዝጋት ጀመረ። «እናቴ የሞተች ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ከቤታችን አልወጣችም እኮ! ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»

ጋሽ ኪዳኔ ሊነግረው አፉን ከፈተ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያልከበደው ያን ሰዓት ከበደው።

«ኑ ብቻ» አለ።

በሚቀጥለውም በር እንዲሁ ሆነ። በሚቀጥለውም። ሁሉም የሚጠይቁት ሰዓቱን ነው፤ እሱም «ኑ ብቻ» ይላል። «ማል ተኤ? ምን ሆነ?» እያሉ ከላይ ሰፈር ያሉትም ወረዱ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ልብስ የሚያጥቡት እጃቸውን ሳያደርቁ መጡ። «እኔን ይድፋኝ! ብዙዬን!» እያሉ ያለቅሳሉ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ሲደርሱ መንገዱ በሰው ተሞልቶ ታክሲ ማለፊያ አጥቶ ቆሟል።

መቃብሩ ዘንድ ሱሩር ቀደም ብሎ ዙሪያውን ተመለከተ።

«ጋሽ ኪዳኔ፣ አስከሬኑ የታለ?»

«ቀበርናት» አለ ጋሽ ኪዳኔ አዲሱን አፈር እያሳየ። «ስድስት ሰዓት ላይ። አራት ሰው ተሸክሟት። እናንተ አልሰማችሁም፤ ሽቦውን አይጥ በጥሶት ነበር። እኔ ደግሞ ናቋት ብዬ እዚህ ቆሜ ረገምኳችሁ። ይቅር በሉኝ።»

ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ጮኹ። ሱሩር እንባውን ጠርጎ ትከሻውን ያዘው።

«ጋሼ፣ ይኸው መጥተናል። ሰፈሩ አንድ ሰው ሳይቀር መጥቷል እኮ።»

ጋሽ ኪዳኔ ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር አየው።

«አዎ፣ መጥታችኋል» አለ። «እሷ ግን ማንም አልመጣልኝም ብላ ሄዳለች።»