ለቄስ የማይሸጠው ማስክ

ወተት እጠላለሁ። የምጠላው ጣዕሙን ሳይሆን እኛ ቤት የተሰጠውን ሹመት ነው። አባቴ አምቦ ላይ ዕድሜውን ሙሉ እንጨት ሲጠርብ፣ ቶርኖ ላይ ሲያሽከረክርና በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትግ የኖረ ሰው ነበር። ከሥራ ሲገባ ሰጋቱራውን ከትከሻው ያራግፍና አንድ ትልቅ ኩባያ ወተት ጨልጦ «አበቃ፣ ጠራርጎ አወረደው» ይላል። አቧራው የሚገባው ሳንባ፣ ወተቱ የሚወርደው ሆድ መሆኑን ሊነግረው የደፈረ የለም። በጾም ደግሞ ወተቱ ቀርቶ ተልባ ይበጠበጥለታል። ጾም ሲገባ አቧራውም ሃይማኖት ያለው ይመስል!

የመጨረሻዎቹን ክረምቶች ትንፋሹ ከመኝታ ቤት ሳሎን ድረስ ይሰማ ነበር። እሳት ላይ እንደተረሳ ማንቆርቆሪያ ሲር ሲር ይላል። ሐኪሙ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀን፤ ስንነግረው ራሱን ነቀነቀ። ሲሞት ግን ለቅሶ የመጡት የሙያ ጓደኞቹ ድንኳኑ ውስጥ ተደርድረው፣ እነሱም እየሳሉ፣ «ብርድ ነው የመታው» አሉ። ደጋዋ ጎጆ ከተማ ብንሆን ኖሮ እሺ ባልኩ፤ እዚያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አምቦ ላይ ግን የምን ብርድ ነው? ደሜ ፈልቶ ከድንኳኑ ወጣሁ።

ወርክሾፑ ለታላቅ ወንድሜና ለእኔ ቀረ። እሱ ቶርኖው ላይ ነው፣ እኔ ሬዚን ላይ። ሬዚን ከማጠንከሪያው ጋር ተደባልቆ የሚፈስ፣ ሲደርቅ እንደ መስታወት የሚያበራ ሙጫ ነው። የወይራና የዋንዛ ጉቶ ስንጥቅ ቀለም ባለው ሬዚን እሞላለሁ፤ ሲደርቅ ወንድሜ ቶርኖ ላይ አስሮ ጎድጓዳ ሳህን ያወጣበታል። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ለሠርግ ስጦታ የሚፈልጉ ሰዎች ይወዱታል። እኛን ግን ሁለት ጊዜ ይመርዘናል። ሲፈስ በሚያወጣው ሽታ፣ ደርቆ ሲፋቅ ደግሞ በብናኙ።

ከኮሮና ወዲህ አፍ ላይ የዋለ ጨርቅ ሁሉ ማስክ ሆነ። ይህችን ቃል ያመጣት ሰው ባገኘው አልምረውም። ወንድሜ ከዚያ ዘመን የተረፈውን፣ ኪስ ውስጥ ተጨማዶ የከረመ ስስ ጨርቅ ከአፍንጫው በታች ያንጠለጥልና ቶርኖውን ያስነሳል። አቧራ ይገባብሃል ስለው «ማስክ አድርጌያለሁ አይደል እንዴ?» ይለኛል። ማስክ ማስክ ነው፤ ወተትም ወተት ነው። የአባቴ ልጅ!

አንድ ቀን ተነሥቼ አዲስ አበባ ሄድኩ። መርካቶ ያገኘሁት ሻጭ ነጭ የአቧራ ማስክ ዘረጋልኝና «እህቴ፣ ይሄ ሁሉንም ይችላል» አለኝ። ሁሉንም የሚችል ነገር ስሰማ ቱግ እላለሁ። የአቧራው ማስክ እንደ ወንፊት ነው፤ ብናኝ ይይዛል፣ ሽታ ግን ያሳልፋል። ለሬዚኑ ሽታ ከሰል ያለበት ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ ከሰሉ ደግሞ ብቻውን ብናኙን አይችለውም። ስለዚህ ሁለቱም ማጣሪያ የሚደራረብበት፣ ፊት ላይ ጥብቅ የሚል የጎማ ማስክ እፈልጋለሁ ብዬ ችክ አልኩበት። ሻጩ ከመደርደሪያው ጀርባ ፈልጎ ፈልጎ አመጣልኝ።

«እህቴ፣ ጦርነት ልትሄጂ ነው?» አለ እየሳቀ።

«አዎ፣ ከወንድሜ ጋር።»

ለእሱም ለእኔም ገዝቼ ተመለስኩ። አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን ሳልፍ ዕቃውን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር፤ አውቶቡሱ ላይ የተሳፈረው ሁሉ ምንድን ነው እያለ ሲጠይቀኝ ካርቶኑን ይበልጥ አቅፌ ያዝኩ።

ካርቶኑ ውስጥ ሥዕል ያለበት ወረቀት ነበረ። አንደኛው ሥዕል ጺማም ሰውዬ ሆኖ በላዩ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት ተሰምሮበታል። ወንድሜ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አየውና «ይሄማ ለቄስ አይሸጥም ማለት ነው!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ከአባታችን ሞት ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ወረቀቱን ከቶርኖው በላይ ግድግዳው ላይ በሚስማር መታው። ሲመታው የራሱ የሐዘን ጺም ደረቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር።

ከዚያ ንጭንጩ ጀመረ። ሬዚን ባፈሰስኩ ቁጥር «ይሸተኛል» ይላል። «አጭበርብረውሻል፣ የቻይና ነው።» እኔ አጠገቡ ቆሜ ምንም አይሸተኝም። የእኔን አድርግ ብዬ ሰጠሁት፣ አሁንም ሸተተው። «ያንቺም የቻይና ነው» አለ። ማስኩን ወርውሬበት ወጣሁ።

ነገሩ የተገለጠው በሰማያዊ ሬዚን ነው። ስንጥቁ በሰማያዊ የተሞላ የወይራ ሳህን ሲፍቅና ሲፈትግ ዋለ፤ እኔም ማስኬን አድርጌ ከጎኑ ሌላ ሳህን ስፈትግ ዋልኩ። ስንጨርስ ማስኩን አወለቀ። ከንፈሩ ሰማያዊ ነው። የአፍንጫው ቀዳዳ ሰማያዊ ነው። የማስኩ ውስጥ፣ ከጺሙ ጋር የተነካካበት ጠርዝ ሁሉ፣ ሰማያዊ ዱቄት ለብሷል። የእኔን ገልብጬ አየሁት፤ ላብ ብቻ ነው ያለበት።

ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። ጺማሙ ሰውዬ ኤክሱን እንደተሸከመ ቁልቁል ያየናል። ለካስ ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ቄስ አልነበረም፤ ስለ ወንድሜ ነበር። ጎማው ጸጉር ላይ ተቀመጠ እንጂ ቆዳ ላይ አልገጠመም። አየር ደግሞ እንደ ሰው ነው፤ ክፍት በር ካለ በወንፊት ልለፍ አይልም።

«ተላጭ» አልኩት።

«ምን?»

«ጺምህን ተላጭ። በጺምህ በኩል እየገባብህ ነው።»

«እስከ ሙት ዓመቱ ምላጭ አይነካኝም» አለ። «ለአባቴ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኛ ቤት ግን ወረቀቱ እውነቱን ተናግሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ያለቀቀው ሞኙ ብቻ ነው። ለሻጩ ደወልኩለት። ጺም ላለው ሰው የሚሆን፣ ራስን በሙሉ የሚሸፍንና በሞተር አየር የሚነፋ አለ፣ እኔ ጋ ግን የለም፣ ሌላ ሰው ጋም አላየሁም አለኝ። ሬዚኑን ቆለፍኩበት። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ደረቅ ወይራ አምጥቶ ቶርኖው ላይ አሰረ። የወይራውም ብናኝ ቢሆን በዚያው በጺሙ በር ይገባል። ጠዋት ሲነሣ መሳል ጀምሮ ነበር፤ አጭር፣ ደረቅ ሳል። ያንን ሳል አውቀዋለሁ። ሰባት ቤት ጎረቤትም ያውቀዋል።

አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ፣ ጊንጪ ላይ እህል ነጋዴ ነው። ወደ አምቦ የሚመጣ መኪና ባገኘ ቁጥር ሐዘናችን በደንብ መያዙን ሊቆጣጠር ይመጣል። ወንድሜ ከሶኛል መሰለኝ፣ አንድ እሑድ እናቴ ባለችበት ሳሎን ተቀምጦ ጠበቀኝ።

«ማሎ! ልጁን ተላጭ አልሽው አሉ?»

«አልኩት ጋሼ። አርባው ካለፈ ሰነበተ። የንስሐ አባታችን እንኳ ይበቃል ብለዋል።»

«እሳቸው ምን ቸገራቸው? ራሳቸው ጺማም ናቸው።»

በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። አጎቴ ድምፁን ከፍ አደረገ። «አባትሽ ይሄን ጎማ ሲያጠልቅ አይተሽዋል? በወተት ብቻ ስንት ዘመን ሠራ!»

«አዎ ጋሼ፣ ሠራ። አሁን የት ነው ያለው?»

«ባለጌ!» አለ። እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። አጎቴ ወደ ወንድሜ ዞሮ «አንተ ወተትህን ጠጣ፤ የሴት ወሬ አትስማ» አለው። ወንድሜም አንገቱን ደፋ፤ የሚስማማ ይመስል ነበር። ከሁሉ ያናደደኝ እሱ ነው።

«ስማ» አልኩት፣ አጎቴን ትቼ። «ለአባባ አንተ ጺም አሳደግክለት። ደግ። ወንድ ልጅ የለህም፣ ሌላ ወንድምም የለህም። አንተ በዚያው በሽታ ስትሞት ጺም የሚያሳድግልህ ማን ነው? እኔ ነኝ ያለሁህ፣ እኔ ደግሞ ጺም የለኝም።»

ወንድሜ ሊመልስልኝ አፉን ከፈተና ሳሉ ቀደመው። ረጅም ነበር። እናቴ ሳሉ እስኪያልቅ ዐይኗን ከደረቱ ላይ አልነቀለችም። ከዚያ ተነሥታ ወደ መኝታ ቤት ገባች፣ የአባቴን ምላጭ ይዛ ወጣች፣ ወንድሜ ጭን ላይ አስቀመጠችው። አጎቴ ጋቢውን ሰብስቦ ሳይሰናበት ወጣ።

በማግስቱ ተላጭቶ መጣ። አገጩ ላይ ቆርጦታል። ሲገባ እናቴ አየችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ያለ ጺሙ ቁርጥ አባባን ነበር። እኔ ወርክሾፑ ገብቼ ሬዚኑን ከቁልፍ አወጣሁና «ማስክህን አጥልቅ» አልኩት። ወረቀቱ እንደሚያዘው ማጣሪያዎቹን በመዳፉ ከደነና አየር ወደ ውስጥ ሳበ፤ ጎማው ወደ ፊቱ ተጠግቶ ልጥፍ አለ። ሬዚኑን አፈሰስኩ። ጠበቅኩት። ይሸተኛል አላለም።

አላመሰገነኝም። አጎቴ የተላጨ ሐዘንተኛ እያለ በየገበያው ስሙን ሲያነሣበት ከረመ፤ ለወንድሜም የዚያ ተጠያቂ እኔ ነኝ። ሙት ዓመቱ ወጥቶም አኩርፎኛል። ከሥራ ውጭ አያናግረኝም፤ የሚፈልገውን በአገጩ ይጠቁመኛል፣ በዚያው በተላጨው አገጩ። ወተቱንም አልተወም፤ ይጠጣ፣ ለአጥንቱ ይሆነዋል።

ቶርኖው ሲቆም ወርክሾፑ ጸጥ ይላል። ያኔ እሱ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ በተነፈሰ ቁጥር የማስኩ ትንሽ ክዳን ስትከፈትና ስትዘጋ ትሰማኛለች፤ ጠቅ ትላለች፣ ደግሞ ጠቅ። ያኩርፍ። እየተነፈሰ እስከሆነ ድረስ እስከ ፈለገው ያኩርፍ።